አዳሪ ትምህርት ቤት ለሚመርጥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ካለቀበት ሳምንት ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ድረስ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣብኛል። አሰላ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ከበቆጂም ከሳጉሬም ከሁሩታም የመጣ ዘመድ፣ ካልሆነም የዘመድ ዘመድ፣ በሬን ያንኳኳል። «መምህር፣ ልጁን አዳሪ ላስገባው ወይስ እዚሁ ቤት ልከራይለት?» ጠያቂው አባት ነው፤ አባት ከሌለ አጎት። ልጁ ከኋላ ቆሞ ጫማውን ያያል። ለአባቶች ስመልስ ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው፣ እዚያ አልጋ ላይ የሚተኛው ልጁ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ስለዚህ ይህን ለእናንተ ለልጆቹ ጻፍሁት። ምርጫው የወላጅ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ድርሻ አለበት። ድርሻው ግን «እሺ» ወይም «እምቢ» ብሎ መቀመጥ ሳይሆን ሥራ ነው። ለሥራው አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ከወላጅ ጋር የምትጓዙበት ሁለት ቀን ይበቃችኋል።

1. የምትሄዱበትን ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ

ከሁሉ በፊት ይህን ጨርሱ፤ የኋላው ሁሉ በዚህ ይመዘናልና። «ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከቤታችን በእግር ሁለት ሰዓት ነው» ጥሩ ምክንያት ነው። «የፊዚክስ አስተማሪ የለንም»፣ «ቤት ከዋልሁ ከብት ጥበቃው አያስጠናኝም» እነዚህም ጥሩ ናቸው። «የጎረቤታችን ልጅ ገብቷል» ግን ምክንያት አይሆንም፤ የጎረቤት ልጅ የገባው በራሱ ጉዳይ ነው።

ምክንያታችሁ የመንገዱ ርቀት ብቻ ከሆነ አዳሪ ትምህርት ቤት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ መማር በአርሲ ደጋ የቆየ ልማድ ነው፤ እኔም የተማርሁት እንደዚያ ነው። ሦስት ሆነን አንዲት ክፍል ይዘን፣ ቅዳሜ ወደ ገጠር ወጥተን እሑድ ማታ ዳቦና በሶ ተሸክመን እንመለስ ነበር። ረቡዕ ሲደርስ ዳቦው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት የሽሮ ነው፤ ሽንኩርት መላጥ፣ ቡታጋዝ መለኮስ፣ ሰሐን ማጠብ፣ ጥናቱ በእንቅልፍ ሰዓት። ኪራይ ቤት ነጻነት ይሰጣል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። አዳሪ ትምህርት ቤት ደግሞ ጊዜውን ሰጥቶ ነጻነቱን ይወስዳል። የትኛው እንደጎደላችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ዘመድ ቤት ማደር ሦስተኛው መንገድ ነው። አክስት ደግ ልትሆን ትችላለች። ዘመድ ቤት ያለች ሴት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ተማሪም ሠራተኛም ትሆናለች፤ ይህን ደፍሮ የሚናገር ስለሌለ እኔ እናገረዋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የምታጠኑበት ሰዓት በአባታችሁ አፍ ይነገርላችሁ።

2. በሮቹን ለይታችሁ እወቁ

«አዳሪ» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

አንደኛው የመንግሥት ነው። ኦሮሚያ ውስጥ በክልሉ የሚተዳደሩ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በኦሮምኛ «ማነ ባሩምሳ ቡልቲ» የሚባሉት ናቸው። በአዳማ የሚገኘው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤትም ስሙ የሚነሣ ነው። ወደ እነዚህ የሚገባው በውጤት ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ውጤት ይታያል፣ የመግቢያ ፈተናም አለ። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ ተማምናችሁ ክረምቱን አትጠብቁ።

ሁለተኛው የሃይማኖት ተቋማት የሚያስተዳድሩት ነው። ከሻሸመኔ በስተሰሜን ኩየራ ላይ ያለው የአድቬንቲስቶች ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን አዳሪ ተማሪ ሲቀበል ኖሯል። እንዲህ ያለ ቦታ ስትመርጡ የቤቱን ሥርዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። አድቬንቲስቶች ቅዳሜን ያከብራሉ፤ የእናንተ ቤት ደግሞ ዓርብ ጁምዓ የሚሄድ ወይም እሑድ የሚያስቀድስ ይሆናል። መከባበር ካለ አያስቸግርም፤ ከገቡ በኋላ ሲሰሙት ግን ያስደነግጣል።

ሦስተኛው የግል ነው፤ አዳማ፣ ቢሾፍቱና አዲስ አበባ ይበዛል። ክፍያው እንደየቤቱ ይለያያል።

አንድ ነገር ደግሞ የበቆጂ ልጆችን ሁልጊዜ ያምታታቸዋል። አሰላ የሚገኘው የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከልም አዳሪ ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ለአትሌት ነው። እግር ካላችሁ ሞክሩት፣ ምልመላው በሰዓት እንጂ በካርድ አይደለም። ሒሳብ ለማሻሻል ብሎ ግን እዚያ የሚያመለክት የለም።

ሌላ አገር ይህ ውሳኔ ከእናንተ ባነሰ ዕድሜ ይወሰናል። ናይጄሪያ ውስጥ በአሥር በአሥራ አንድ ዓመቱ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ተፈትኖ የፌዴራል አዳሪ ኮሌጅ የሚገባ ልጅ ብዙ ነው፤ የብረት ሣጥን፣ ባልዲና ከካሳቫ የተሠራ ጋሪ የሚሉትን ዱቄት ይዞ ይሄዳል። ጋሪውን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ይጠጣዋል፤ ልክ እኛ በሶ እንደምንበጠብጠው። እናንተ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷችኋል፤ ጥያቄ ለመጠየቅ ዕድሜው አላችሁ።

3. ቀኑንና ገንዘቡን ከእርሻው ጋር አስሉ

የመመዝገቢያ ጊዜና የገበሬ ኪስ አይገናኙም። ትምህርት የሚጀመረው መስከረም ላይ ነው፤ ስንዴውና ገብሱ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ። ክፍያው ወይም የአልጋ ልብሱ ወጪ የሚመጣው ቤቱ ባዶ በሆነበት ወር ነው ማለት ነው። ብዙ አባት በችኮላ እህል ሊያስረክብ ተስማምቶ ከነጋዴ ይበደራል፤ እዳውም ዓመቱን ሙሉ ከልጁ ጋር አብሮ ይማራል። ግንቦት ላይ ብትነጋገሩ ለእንቁጣጣሽ ገበያ የሚሸጥ በግ ከአሁኑ ይለያል።

«ነጻ ነው» የሚባለው ትምህርት ቤትም ወጪ አለው። ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ብላችሁ ዘርዝሩ፦ ፍራሽ ይሰጣሉ ወይስ ይዘን እንመጣለን፣ ብርድ ልብስ፣ የደንብ ልብስ ስንት ቅያሪ፣ ሳሙና በወር፣ ለሴቶች ሞዴስ በወር፣ በዓመት ስንት ጊዜ ወደ ቤት እንመጣለን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱስ። ከአሰላ በቆጂ 56 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአሰላ አዲስ አበባ 175 ገደማ። ከሌሙ ወይም ከሽርካ ገጠር ለሚነሣ ልጅ ግን ውዱ መንገድ አስፋልቱ አይደለም፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ያለው የክረምት ጭቃ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ የሚጠይቀው ዋጋ ከአውቶቡሱ ሊበልጥ ይችላል። ድምሩን ለአባታችሁ ሳትሸፋፍኑ አሳዩት።

4. ሂዱና በተራ ቀን እዩት

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ጊዜው ግንቦት ይሁን፤ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው፣ ባዶ ግቢ ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። የወላጆች ቀን ላይም አትሂዱ። የእህቴን ልጅ ይዘን አንድ ትምህርት ቤት የሄድነው በወላጆች ቀን ነበር፤ ድንኳን ተጥሎ፣ ሥጋ ተጠብሶ፣ ልጆቹ ነጭ ለብሰው ይዘምራሉ። ወደድነው። መስከረም ላይ ገባ፣ ኅዳር ላይ እጁ በእከክ ተወርሶ ተመለሰ፤ ውኃው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚመጣው። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ቧንቧውን ከፍቶ ያየ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ማክሰኞን ወይም ረቡዕን ምረጡ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድረሱ፤ ከተፈቀደላችሁ እስከ እራት ቆዩ። ርእሰ መምህሩን ሰላም ካላችሁ በኋላ ቢሮ ተቀምጣችሁ አትዋሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ዙሩ፦

መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት። በር አለው? ከውስጥ ይቆለፋል? ማታ መብራት አለው? ከመኝታው በምን ያህል ይርቃል? ለሴት ልጅ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት መውጣት የፈራች ልጅ ውኃ መጠጣት ትተዋለች፣ ከዚያ ትታመማለች።

ቀጥሎ ቧንቧ፣ ቀጥሎ ወጥ ቤት። ወጥ ቤቱን አስገብተው ባያሳዩዋችሁ ሠራተኞቹን ከውጭ አናግሯቸው፤ ወጥ ቤት የሚሠሩ እናቶች ከማንም በላይ እውነት ይናገራሉ። የጾም ነገር እዚህ ይጠየቃል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም፣ የጾም ምግብ ለብቻ ይሠራል? በረመዳን ለሱሁር ወጥ ቤቱ ይከፈታል ወይስ ሙስሊም ተማሪው በደረቅ ዳቦ ይነጋለታል? ከብቱን የሚያርደው ማን ነው፣ ሥጋው የሚበላውስ በየትኛው ማዕድ ነው? በአርሲ አንድ ክፍል ውስጥ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህን አስቦበት ያደራጀ ትምህርት ቤት ሌላውንም ነገር አስቦበታል ብዬ እገምታለሁ፤ እስካሁንም ብዙ አልተሳሳትሁም።

ከዚያ መኝታ ክፍል። በአንድ ክፍል ስንት ተደራራቢ አልጋ አለ? ፍራሹን ገልብጡና ስፌቱን እዩ፤ ትኋን ካለ ስፌቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታገኛላችሁ። ፕሮክተሩ፣ ማለትም የመኝታ ቤቱ ተቆጣጣሪ፣ የሚተኛው የት ነው? በሴቶች መኝታ ፕሮክተሯ ሴት ናት? ማታ በሩን ከውጭ ቆልፎ የሚሄድ ካለ ደብተራችሁ ላይ በትልቁ ጻፉት፤ እሳት ቢነሣ ማን ይከፍታል?

መጨረሻ ተማሪዎች። የተመረጠላችሁን አስጎብኚ ሳይሆን ልብስ የሚያጥበውን ልጅ ጠጋ በሉ። «ምግቡ ጥሩ ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ጥሩ ነው» ይላችኋል፤ ይሉኝታ አለ። «ትናንት ማታ ምን በላችሁ?» በሉት። «ባለፈው ስትታመም ማን አወቀ? የት ወሰዱህ?» በሉት። «መብራት ሲጠፋ እንዴት ታጠናላችሁ?»፣ «ጫማ ጠፍቶብህ ያውቃል?»፣ «አዲስ ገቢውን ነባሮቹ ምን ያደርጉታል?» በሉት። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ዝም ካለና ዙሪያውን ካየ መልስ ሰጥቷችኋል።

የደጋ ልጅ ሆናችሁ ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ አዳማ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። እዚያ ታች ወባ አለች። የሌሙ ልጅ ወባን የሚያውቃት በስም ብቻ ስለሆነ ትኩሳቱን ጉንፋን ብሎ ይተኛበታል። አጎበር መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ ይዛችሁ ግቡ፤ ከትኩሳት ጋር ብርድ ብርድ ካላችሁም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

5. «መቶ በመቶ አሳለፍን» ሲሏችሁ አስቆጥሯቸው

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር፤ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። በእንዲህ ያለ ዘመን ብዙ ተማሪ ያሳለፈ አዳሪ ትምህርት ቤት ቢኮራ ተገቢ ነው። እናንተ ግን ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ዘጠነኛ ክፍል ስንት ገቡ፣ ከእነሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተፈተኑት ስንት ናቸው? መቶ ገብተው ስልሳ ከተፈተኑ አርባዎቹ የት ሄዱ? ደካማውን በየዓመቱ እያሰናበተ «መቶ በመቶ» የሚል ቤት አለ። ደግሞም ከየወረዳው አንደኛ የወጣውን ልጅ ሰብስቦ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ውጤቱ ከፍ ቢል ግማሹ ምስጋና ለልጁ ነው።

አዳሪነት አንድ እውነተኛ ጥቅም ግን አለው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ እያደረ ነው። ከቤቱ ውጭ አድሮ የማያውቅ ልጅ የፈተናውን ዋዜማ ጣሪያ እያየ ያነጋል። አዳሪው ተኝቶ ይነሣል።

6. ወረቀቱን ከወዲሁ አስተካክሉ

ልጅ ከሚያስቀሩ ነገሮች ከውጤት ቀጥሎ ያለው የስም ጉዳይ ነው። በቁቤ Caaltuu ተብሎ ካርድ ላይ የተጻፈው ስም በሌላ ወረቀት Chaltu ሆኖ ይገኛል። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። የስምንተኛ ክፍል ካርዳችሁን፣ የልደት ምስክር ወረቀታችሁንና የፋይዳ መታወቂያ ካወጣችሁም እሱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አንብቡ። ልዩነት ካለ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤታችሁና ቀበሌው ክፍት እያሉ አስተካክሉ፤ ነሐሴ ላይ ማኅተም የያዘው ሰው ዕረፍት ላይ ነው። ዋናውን ወረቀት ለማንም አታስረክቡ፣ ኮፒ ስጡ። የጉርድ ፎቶ ስምንት ይበቃል።

የመግቢያ ፈተናው እንግሊዝኛና ሒሳብ ይበዛበታል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ የተማራችሁ ሁላችሁም አንድ ገደል ትዘላላችሁ። የሒሳብና የሳይንስ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ማጥናት ዛሬ ጀምሩ።

7. ቤት ውስጥ ተለማመዱ

አንድ ሳምንት ማንም ሳይቀሰቅሳችሁ ተነሡ። ልብሳችሁን ራሳችሁ እጠቡ፤ ካልሲና የውስጥ ልብስ ጭምር። አልጋችሁን አንጥፉ። ሦስት ሌሊት አጎት ቤት እደሩ። ወንዶች፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው፤ እህቶቻችሁ ቀድመዋችኋል።

ሌሊት ሽንት የሚያመልጠው ልጅ አለ፤ ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው። አያሳፍርም። እናታችሁ ለፕሮክተሩ ለብቻው ትንገርላችሁ፤ የታችኛው አልጋና የፍራሽ ላስቲክ ነገሩን ያቃልለዋል። አስም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ መነጽር የሚያደርግም እንዲሁ በወረቀት ያሳውቅ። ደብቆ የገባ ሲታመም የሚያውቅለት አያገኝም።

8. ከአባታችሁ ጋር ውል ግቡ

ይህ የሚደረገው ሳጥን ከመገዛቱ በፊት ነው። ሳጥን ከተገዛ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱና «አባዬ፣ ያየሁትን ላንብብልህ» በሉት። ስሜታችሁን ሳይሆን ያያችሁትን አንብቡ፤ «አልወደድሁትም» የሚለውን አባት አይቀበልም፣ «ለሰማንያ ልጅ ሁለት መጸዳጃ ነው ያለው» የሚለውን ግን ይቀበላል።

ሦስት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ እስከ ገና ድረስ በናፍቆት ምክንያት አትመለሱም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሁሉም ያለቅሳል፣ የሚያለቅሰውም ብርድ ልብስ ውስጥ ስለሆነ ብቻችሁን ይመስላችኋል። ሁለተኛ፣ ድብደባ፣ ትንኮሳ ወይም የማይታከም ሕመም ካለ ያ ቀጠሮ አይሠራም፤ በዚያው ሳምንት ይመጣላችኋል። ሦስተኛ፣ ባይስማማችሁ ጥር መጨረሻ ላይ ወሰነ ትምህርቱ ሲያልቅ ክሊራንስና ካርድ ይዛችሁ ወደ ቅርቡ ትምህርት ቤት ትዛወራላችሁ። መዛወር ውድቀት እንዳልሆነ አባታችሁ ከአሁኑ ከአፉ ያውጣው።

ለሁለተኛው ነጥብ ምልክት ያስፈልጋችኋል። ብዙ አዳሪ ቤት ሞባይል አይፈቅድም፤ የምትደውሉት ፕሮክተሩ አጠገብ ቆማችሁ ነው። ከእናታችሁ ጋር አንድ ቃል አበጁ። አንዲት ተማሪዬ «ጥቁሯ ላም ወለደች?» ብላ ስትጠይቅ እናቷ በማግስቱ መናኸሪያ ነበረች። ጥቁር ላም የሚባል ነገር ከቤታቸው አልነበረም።

9. ሳጥኑን እናንተ ሸክፉት

እናት ከሸከፈችው የት ምን እንዳለ አታውቁም። ሁለት ብርድ ልብስ፤ አሰላና በቆጂ ለሚቀሩት ጋቢም ጭምር። ነጠላ ጫማ፣ ባልዲ፣ የእጅ ባትሪ፣ መርፌና ክር። ልብሳችሁ ላይ ሁሉ በውስጥ በኩል ስማችሁን በክር ጥለፉ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ሁለት እጥበት አይቆይም። ስንቅ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ከተፈቀደ ከጭኮ የሚበልጥ የለም፤ ቅቤው በደንብ ከገባ ይቆያል፣ አንድ ጉርሻ ደግሞ ሌሊቱን ያሻግራል። ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ አይጥ የአርሲን ጭኮ ከእናንተ በፊት ታውቀዋለች። የመጀመሪያ ሌሊት ከጎናችሁ ለተኛው ልጅም አካፍሉ፤ ጓደኛ የምታገኙት በዚያ ነው።

ቁልፉን ሁለት አስቀርጹ። አንዱ በአንገታችሁ፣ አንዱ እናታችሁ ጋ ይቅር።